የባለካባው መርዶ

በየከተማው፣ ሰው ሁሉ ውሸት ነው ብሎ የተወውን ነገር ብቻውን እውነት ነው ብሎ የሚጠብቅ አንድ ሰው አይጠፋም። በአንዱ ሰፈር የሎተሪ አማኝ ነው፤ ዕጣው ሳይወጣ የሚሠራውን ቤት ቀለም ይመርጣል። በሌላው ሰፈር የጠፋችው ላም በገዛ እግሯ ትመለሳለች ብሎ የበረቱን በር ሳይዘጋ የሚያድር ነው። በእኛ ሰፈር፣ ደብረ ታቦር ከባጃጅ መቆሚያው ጀርባ፣ ይህ ሰው ጎሚስታ ነው። ዘብ የቆመለትም እውነት ነጻ ትግል ነው፤ ያ በቴሌቪዥን የሚታየው፣ ፈረንጆች እርስ በርስ ተሸካክመው የሚፈራረጡበት።

ስማቸው ክቡር ሊቀ ትግል አያ ሙላቴ ነው። «ሊቀ ትግል» የሚለውን ማዕረግ የሰጧቸው ባጃጅ ነጂዎች ናቸው፤ ለቀልድ ነበር። እሳቸው ግን ማዕረጉን ሲቀበሉ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ። ከዚያ ወዲያ ቀልዱ በማን ላይ እንደሆነ ሳይታወቅ ቀረ።

እኔ ስለ ትግል የማውቅ ሴት አይደለሁም። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ፣ ጥጥ ስፈትል ያረጀሁ ነኝ። ጫጫታም አልወድም። ነገር ግን የእኔንና የእነ አያ ሙላቴን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚያ የሚያልፈውን ሁሉ ወደድኩም ጠላሁም እሰማለሁ። በሌላው ቀን ደግሞ እንዝርቴን ይዤ በሬ ላይ ስቀመጥ፣ ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊቴ ያለው ሱቃቸው ነው። ስለዚህ የእሳቸውን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ቢኖር ባለቤታቸው ዝናሽ ብቻ ናት። እሷም ብትጠየቅ፣ «እኔ የአንድ ሰው ሚስት ነኝ ብዬ ገብቼ፣ ሁለት ወንድ ነው የማስተዳድረው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላትም።

ሁለተኛው ወንድ ባለካባው ነው።

የእንግሊዝኛ ስሙን አስተዋዋቂው እየጮኸ ሲጠራው በግድግዳው በኩል እሰማለሁ፤ ረጅም ስለሆነ አልያዝኩትም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ባለካባው ብሎ ነው፤ ወደ ሜዳው ሲገባ ጫፉ ወርቅማ የሆነ ጥቁር ካባ መሬቱን እየጠረገ ስለሚከተለው። ሜዳውን የከበበው ገመድ ዘንድ ሲደርስ ቆም ይልና ግንባሩን ገመዱ ላይ ያሳርፋል። ይህቺን ጊዜ አያ ሙላቴ አያልፏትም። «አያችሁ ሲሳለም? የዚህ ሰው እናት ሀበሻ ባትሆን፣ ያሳደገችው ሀበሻ ናት!» ይላሉ። ሱቃቸው ውስጥ የለጠፉትን ፎቶውን ከየት እንዳገኙት ልንገራችሁ፤ ከደብተር ሽፋን ነው። አንድ ዓመት ባለካባው ሽፋኑ ላይ የወጣበት ደብተር ገበያ ገባ። አያ ሙላቴ አንድ እቅፍ ገዝተው ሽፋን ሽፋኑን ገነጠሉና፣ ወረቀቱን ለሰፈሩ ተማሪዎች አደሉ። በዚያ ዓመት የሰፈራችን ልጆች ሁሉ ሽፋን በሌለው ደብተር ተማሩ። የሱቁም የቤቱም ግድግዳ በአንድ ፈረንጅ ፊት ተሸፈነ።

ውሸት ነው የሚል ሰው ሲመጣ እሳቸውን ማየት ነው። ባጃጁን ለጎማ የሚያቆም ሁሉ ፎቶውን ያይና፣ «ይኼ እኮ ተጠናንተው ነው» ማለቱ አይቀርም። አያ ሙላቴ ማስቲሽ እየቀቡ ቀና ይሉና፣ «ለመሆኑ ወድቀህ ታውቃለህ?» ይላሉ። መልሱን ሳይጠብቁም፣ «ወድቀህ ስታበቃ መጥተህ ንገረኝ» ብለው ወደ ጎማቸው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ይሻው የሚባለው፣ ከባጃጅ ነጂዎች ሁሉ አፈኛው፣ አላስቀምጥ ሲላቸው ጊዜ በተግባር ሊያሳዩት ተነሡ። ባለካባው ሰው የሚጥልበትን አያያዝ በአንድ ጆንያ ገብስ ላይ ሊያሳዩ፣ ጆንያውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ዞር ሲሉ ወገባቸው ቀጭ አለ። ወጌሻ ቤት የወሰዳቸው ራሱ ይሻው ነው፣ ባጃጁ ውስጥ በሆዳቸው አስተኝቶ። እሳቸው እየተቃተቱ፣ «አየህ አይደል? ውሸት ቢሆን ወገቤ ይሰበር ነበር?» ይሉት ነበር። ይህን የነገረኝ ራሱ ይሻው ነው።

የስለቱን ነገር ደግሞ ያልሰማ የደብረ ታቦር ሰው ያለ አይመስለኝም። ባለካባው ቀበቶውን የተነጠቀ ጊዜ፣ ማለት የአሸናፊነቱን ቀበቶ፣ አያ ሙላቴ ዝም ብለው ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ተሳሉ። ቀበቶው ሲመለስ ጃንጥላውን ይዘው ሄዱ። ስለት የሚቀበለው ዲያቆን ምን እንደተደረገላቸው ጠየቃቸው። በቤተ ክርስቲያን አይዋሽምና ያለውን ነገሩት። እሱም በድምፅ ማጉያው፣ «ቀበቶ የተቀሙ ወንድማቸው ቀበቷቸው ስለተመለሰላቸው!» ብሎ አወጀ። ሕዝቡ እልል አለ። ዝናሽ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስትስብ አይቻታለሁ። እኔ ግን እልል አልኩ፤ ቀስ ብዬ።

እንግዲህ እኒህ ሰው ትግሉን የሚያዩት እንደ ሌላው አይደለም። ዲሽ የላቸውም፤ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው። ፊልም ቤት ያለው ምስጋና አዲስ የመጣውን በፍላሽ ጭኖ ይሰጣቸዋል፤ እሳቸው የሚያዩት ውጊያ ሌላው ዓለም አይቶት የረሳው ነው። ዘመንንም የሚቆጥሩት በፍላሽ ነው። «ከሁለት ፍላሽ በፊት» ይላሉ፣ ሌላው «ከፋሲካ በፊት» እንደሚለው።

ከባለካባው ሌላ አንድ የሚያስጨንቃቸው ነገር ቢኖር አንድ ልጃቸው ተስፋነህ ነው። የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ከእብናት እህል ጭኖ ጎንደር ያወርዳል። መንገዱ አንድ ሳምንት ክፍት ነው፣ አንድ ሳምንት ዝግ ነው፤ ኔትወርኩም እንዲሁ። ተስፋነህ ስልኩ በጠፋ ቁጥር ዝናሽ ግቢ ውስጥ ስትመላለስ፣ የጫማዋ ኮቴ እስከ እኔ ቤት ይሰማል። አያ ሙላቴ ደግሞ በዚያን ጊዜ የድሮ ፍላሽ ይከፍታሉ። ባለካባው ወድቆ ሲነሣ ያያሉ፤ መልሰው ያያሉ።

የዘንድሮው ነገር የመጣው ኔትወርክ ጠፍቶ ሰንብቶ የተመለሰ ቀን ነው። ይሻው ባጃጁን በሬ ላይ አቁሞ ስልኩን እያየ ነበር።

«እማማ የሺ፣ ኧረ ባለካባው ሞተ!» አለኝ።

ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። ያው ፊት ነው፤ ሥሩ ሻማ በርቷል። ብዙ አበባ አለ፤ ፈረንጅ እንደሚያደርገው አበባውን ከነላስቲኩ መሬት ላይ ኮልኩለውታል።

«እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?» አለ ይሻው። ያ ሁሉ አፍ የት እንደገባ አላውቅም። መንገዱን ተሻግሮ ሄደ፤ እኔም እንዝርቴን አቆምኩ።

አያ ሙላቴ የተነፋውን የውስጥ ጎማ፣ ውሃ በተሞላ ሳህን ውስጥ ደፍቀው፣ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ እየፈለጉ ነበር።

«አያ፣ ባለካባው ዐረፈ።»

ቀና አላሉም። «በሳጥን አድርገው ነው?»

«እ?»

«በሳጥን አድርገው ነው ወይ የቀበሩት?»

«እንግዲህ... መሰለኝ።»

«በል እንግዲያ ይነሣል። ከዚህ በፊትም ቀብረውታል። አፈር መልሰውበት፣ ሰው ሁሉ አልቅሶ፣ በሦስተኛው ፍላሽ ላይ ከጢስ ውስጥ ብቅ አለ። አትስጋ፣ ይሻው።» ከዚያም በዕድሜያቸው ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቀውን ቃል ተናገሩ። «ተጠናንተው ነው።»

ይሻው ወደ እኔ ዞሮ አየ። እኔም ወደ መሬት አየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ተገለባበጠ። ዘመናቸውን ሁሉ ውሸት ነው ሲሉ የኖሩት ባጃጅ ነጂዎች አሁን በየተራ እየመጡ፣ «አያ፣ የአሁኑስ እውነት ነው፤ ልቡ ነው የቆመው» ይላሉ። እሳቸው ደግሞ እየሳቁ፣ «አንተ ነህ እውነት የምትለኝ? ስንት ዘመን ውሸት ነው ስትለኝ ኖረህ!» ይላሉ። ምስጋና ፍላሹን ሊጭንላቸው ፈልጎ፣ «አያ፣ የመጣልኝ የቀብሩ ነው» ቢላቸው፣ «እሱን ተወው፣ የመነሣቱ ሲመጣ ትሰጠኛለህ» ብለው ባዶ ፍላሻቸውን በኪሳቸው ይዘው ተመለሱ። ወጣቶቹም እያደር ማዘናቸውን ተዉና ወደ ልማዳቸው ተመለሱ። በሱቁ ሲያልፉ ባጃጁን ቀዝቀዝ አድርገው፣ «ሊቀ ትግል፣ ተነሣ ወይ?» ይላሉ።

«መንገድ ላይ ነው!» ይላሉ አያ ሙላቴ።

ሰው ይስቃል። እኔ ግን ፊት ለፊታቸው ነኝ፤ እጃቸውን አያለሁ። አንድ ቀዳዳ ላይ ሁለት ጊዜ ይለጥፋሉ። ጎማውን ውሃ ውስጥ ደፍቀው፣ አረፋው ፊታቸው ላይ እየፈላ፣ እሳቸው ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ።

ይህን ያየ ሌላ ሰው ቢኖር የእድራችን ሰብሳቢ አቶ አስማማው ናቸው። አቶ አስማማው ደግ ሰው ናቸው፤ የሚያጠፋቸው ለሁሉ ነገር ወግ መፈለጋቸው ነው። አንድ ቀን ማታ ላይ ከቅዳሴ ጓደኛዬ ከወይዘሮ አዲስዓለም ጋር ሆነው እኔ ቤት መጡ። ይሻውንም አስጠሩት።

«ይኼ ሰው እየታመመብን ነው» አሉ አቶ አስማማው። «ጥፋቱ የእኛ ነው። የሞት ነገር መንገድ ዳር በስልክ ይነገራል? ሰው ሞትን የሚያምነው ሲረዳ ነው። ነገ ሳይነጋ ሄደን በወጉ መርዶ እንነግራቸዋለን።»

«ለፈረንጅ?» አለ ይሻው።

«ለፈረንጁ አይደለም። ለአያ ሙላቴ ነው።»

በዚህ ላይ አንድ ነገር ተናገርኩ። «ተስፋነህ መንገድ ላይ ነው፤ ዝናሽ ታየንና...» አልኩ። ግን እኔ ስናገር ድምፄ ከነጠላዬ አይወጣም። አቶ አስማማው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «መልካም፣ እቴ የሺሃረግም ተስማምታለች» አሉ።

ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ወጣን። ብርድ ነበር። የእኛን አገር የማያውቅ አይጠፋምና ልንገር፤ መርዶ ነጋሪ አስቀድሞ አይታወቅም፣ አይልክም። ጎህ ሲቀድ በር ላይ ተሰብስቦ ይቆማል፤ ቤተኛው በሩን ሲከፍት፣ ቃል ሳይሰማ፣ ሰዎቹን አይቶ ይረዳዋል። አቶ አስማማው ጋቢያቸውን አጣፍተዋል። ወይዘሮ አዲስዓለም ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚደረገው አዘቅዝቃለች። ይሻው ስልኩን ይዞ ከኋላችን ነው፤ ማስረጃ ነኝ ብሎ።

አንኳኳን። የከፈተችው ዝናሽ ናት።

መጀመሪያ ያየችው የአቶ አስማማውን ጋቢ ነው፤ ከዚያ የወይዘሮ አዲስዓለምን ነጠላ፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ያለ ብርቱ ነገር በዚያ ሰዓት ከቤቴ እንደማልወጣ ታውቃለች።

«ልጄን» አለች። አልጮኸችም፤ ትንፋሽ አልነበራትም። ቀጥላ ጮኸች።

እዚህ ላይ አቶ አስማማው ባለካባው ነው ቢሉ ያለቀ ነገር ነበር። ግን መርዶ በቀጥታ አይነገርም፤ ስም የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው። እሳቸው ደግሞ ንግግራቸውን ሲያጠኑ አድረዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እንግዲህ አያ ሙላቴ የት አሉ? አዳም አባታችን ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመት ኖሮ ሞተ...» ብለው ጀመሩ። ወይዘሮ አዲስዓለም የዝናሽን ጩኸት ስትሰማ ልማድ ሆኖባት ደረቷን መምታት ያዘች። «ወይ ነዶ!» አለች፤ ማን እንደሞተ ከሁላችን ጋር መክራ የመጣችው እሷው! ይሻው ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘ።

አያ ሙላቴ በአንድ እግር ጫማ ወጡ። እኛን አዩ፤ መሬት ላይ የወደቀችውን ሚስታቸውን አዩ። ደፉ ላይ ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ ሊሰጡት የመጡትን ለመቀበል እንደሚዘጋጅ ሰው።

«... ማቱሳላም ኖሮ ሞተ» አሉ አቶ አስማማው።

«ባለካባው ነው!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። «ተስፋነህ አይደለም! ዝናሽ፣ ባለካባው ነው! ተስፋነህ አይደለም!» የጮህኩት እኔ ነኝ። ያን ያህል ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር፤ ከታች ሰፈር ውሾች መለሱልኝ።

ዝናሽ አላመነችኝም። ደውሉልኝ አለች። ይሻው ደወለ። ያቺ በስልክ የምትናገረው ሴትዮ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም አለችው። ዝናሽ እንደገና ወደቀች። እንደገና ደወለ፤ እንደገና ሴትየዋ። ይሻው እየማለ እየተገዘተ፣ የባለካባውን ሻማና አበባ ከስልኩ እያሳያት፣ እሷ ስልኩን በእጇ እየገፈተረችው፣ ያ ጊዜ እንዴት እንዳለፈ እግዚአብሔር ይወቀው። በመጨረሻ ጠራ።

«አቤት?» አለ ተስፋነህ። አፉ ሙሉ ነበር። «ይፋግ ነኝ፤ ቁርስ ላይ ነኝ። ምን ሁናችሁ ነው በዚህ ጠዋት?»

ጩኸቱን ሰምቶ ነጠላውን አዘቅዝቆ የሮጠው ጎረቤት ሁሉ በሩ ላይ ሲደርስ እልልታ ቆየው። ዝናሽ እየሳቀች ታለቅሳለች፤ የስልኩን መስተዋት ትስማለች። አቶ አስማማውም ላባቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ እንኳን ደስ አላችሁ» አሉ፤ ለዚህ ብለው የመጡ ይመስል። ዝናሽ የዚያን ጊዜ ምን እንዳለቻቸው አልጽፈውም።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ከግድግዳው ላይ ሽፋን ሽፋኑን ትቀድ ጀመር። «ልጄ መንገድ ላይ እያለ የሞተ ሰው ፊት ቤቴ ውስጥ አይለጠፍም! ስሙም አይጠራ! ለእሱ ብሎ የሚያለቅስ ካለ ሟርተኛ ነው፤ ለልጄ ነው የሚያሟርተው!» አለች። ማንም አልተቃወማትም። ያን ጠዋት ካየችው በኋላ ማን ይቃወማታል?

አያ ሙላቴ ከደፉ አልተነሡም ነበር።

«እሱ ነው እንዴ የሞተው?» አሉ።

በዚያ ሁሉ እልልታ ውስጥ ማንም አልሰማቸውም። እኔ ሰማሁ፤ ዝቅ ተብሎ የሚነገር ነገር ለጆሮዬ ይቀርበዋል። ይሻው በስልክ ቢነግራቸው ያላመኑት፣ ምስጋና የቀብሩን ፍላሽ ቢያቀርብላቸው ያልተቀበሉት ነገር፣ ጎህ ሲቀድ በራቸው ላይ ጋቢ አጣፍቶ ሲቆም ገባቸው። ሞት በእኛ አገር የሚመጣው እንዲያ ነውና።

«አያ፣ ተመስገን በሉ እንጂ!» አላቸው አንዱ ጎረቤት፣ ትከሻቸውን መታ አድርጎ።

«ተመስገን» አሉ። ከልባቸው ነበር። ልጁ የእሳቸውም ልጅ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ይከብደኛል፤ ምንም አልሆነምና። ሱቁ በሰዓቱ ይከፈታል፤ ጎማ ይለጠፋል። ዝናሽ የሱቁንም ሽፋን ስለቀደደችው፣ ግድግዳው ላይ የማጣበቂያው ምልክት በየቦታው ቀርቷል። ባጃጅ ነጂዎቹ አፍረው መቀለዱን ተዉት፤ ከጎማ በቀር ሌላ ነገር አያነሱም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከግድግዳው ወዲያ ጸጥ ይላል። ጫጫታ የማልወደው እኔ፣ ጥጤን አስቀምጬ ያንን ጸጥታ ሳዳምጥ እውላለሁ።

አንድ ቀን ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ባጃጁ እስኪሠራለት ቆሞ ሳለ፣ ከበሩ ጀርባ ዝናሽ ያልደረሰችበትን አንድ ሽፋን አየ። «አሃ፣ ሬስሊንግ! ይኼ እኮ ድራማ ነው፤ አይደል አባቴ?» አላቸው። እኔ እንዝርቴን ይዤ ጠበቅኩ። ይሻውም ባጃጁ ውስጥ ሆኖ አንገቱን አወጣ።

«ይሆናል» አሉ አያ ሙላቴ።

ይሻው አንገቱን መለሰ። ሁለታችንም የምንገባበት ጠፋን። አንድ ሰው ሲከስር አይቼ አውቃለሁ፤ ሲታመምም አይቼ አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ግን አላየሁም ነበር። ሐዘን አለው፣ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ቤቱ ውስጥ ቢያለቅስ ልጁ ላይ ያሟርታል፤ መንገድ ላይ ቢያለቅስ ይሳቅበታል። ልጁ በሕይወት ላለ ሰው ደግሞ፣ ለማያውቀው ፈረንጅ አዘንኩ ማለት እግዚአብሔርን ማሳዘን ነው። ሌላው ቀርቶ ራሳቸው እንዲያ ሳይሉ አይቀሩም።

በማግስቱ አሰብኩበት። ዝናሽ የከለከለችው ቤቷ ውስጥ ነው። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ቤት አይደለም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ አልኩና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተሻገርኩ። ከዚያ በፊት እዚያ ሱቅ ገብቼ አላውቅም፤ ለእኔ ምን ጎማ አለኝ? አያ ሙላቴ የተዘረጋ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩ።

ነጠላዬን አዩ። ከዚያ ወደ ቤታቸው በር አዩ፤ ዝግ ነው።

«ተይ እቴ የሺሃረግ» አሉ። «ልጄ ደህና ነው። ለእኔ እንዲህ አይባልም።»

«ልጅዎ ደህና ነው፣ ተመስገን። እኔ የመጣሁት ለሌላው ነው።»

የያዙትን ጎማ አስቀመጡ። ለቅሶ የደረሰ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ሁላችንም እናውቃለን። የታወቀ ነገር ቢሆን እንኳ፣ ሐዘንተኛው ከአፉ እንዲያወጣው ብለን እንጠይቃለን። እሱም ለመጣው ሁሉ እንደ አዲስ ይተርካል፤ ሲተርከው ሲተርከው ትንሽ ይለዝብለታል። እሳቸውን ግን እስከዚያ ቀን አንድም ሰው አልጠየቃቸውም።

«ታሞ ነበር እንዴ?» አልኩ።

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር።

«አልታመመም ነው የሚሉት» አሉ። «ታሞ ነበር እንጂ። እኔ አይቼዋለሁ። በመጨረሻው ፍላሽ ላይ ሲገባ ካባውን ሌላ ሰው ነው የያዘለት፤ ትከሻው አልችል ብሎት ነው። ጥለውት ሲነሣም ገመዱን ያዘ። እሱ ገመድ ይዞ ተነሥቶ አያውቅም፣ እቴ። ሰው ያጨበጭባል። እኔ ለዝናሽ፣ ‹ይኼ ሰው ደክሞታል፤ ለምን አያሳርፉትም?› አልኳት። እሷ ሸለብ አድርጓት ነበር። ለማን ይነገራል?»

«እውነት ነው» አልኩ። «ለማን ይነገራል።»

«የተገኘው ሆቴል ነው፤ ያኔ ሳላምን ይሻው አንብቦልኝ ነበር። ብቻውን። በማግስቱ ሌላ ከተማ ሊታገል ነበር አሉ። ሻንጣውን እንኳ አልፈታም። ያን ሁሉ ሰው ሲያነሣ ኖሮ...» አሉና ቆሙ።

ከዚያ አለቀሱ። ድምፅ አውጥተው፣ እንደ ማንኛውም ወንድሙ እንደሞተበት ሰው። እኔ የቆርቆሮውን በር ግማሽ ገፋሁት፤ ወደ ማዶ እንዳይሰማ። አንድ ባጃጅ መጥቶ ጡሩምባውን ነፋ። አንገቴን አወጣሁና፣ ሰው መልሼ የማላውቀው እኔ፣ «ሌላ ጋ ሂድ ልጄ፣ ሐዘን ላይ ናቸው» አልኩት።

ተመልሼ ስመለከት ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

«እዚያ አገር የሚያለቅስለት ሰው አለው?» አልኩ።

«እንጃ፣ እቴ። ሚስቱ ትታው ሄዳለች ይባላል። ልጅም አልወለደም። ከእኔ በቀር የማውቀው የለም።»

«ከእኛ በቀር ይበሉ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ጎማው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፤ እኔም ተቀምጬ አለቀስኩ።